ጫማዬ ላይ የፈሰሰው ጭቃ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ሻል አለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታማርሪያለሽ? ልጆቹስ? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔን ብትጠይቂኝ በአካሌ ደህና ነኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አንቺ ስልኩን ሁሌም ድምፁን ከፍተሽ ጠረጴዛው ላይ ነው የምታስቀምጪው፤ የምነግርሽን ነገር ደግሞ እማዬ በዚያ በኩል ድንገት እንድትሰማው አልፈለግኩም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

የዛሬ አራት ዓመት ቤቱን ልትሸጡት ምን ያህል ተቃርባችሁ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ባልሽ መሬት ቢንቀጠቀጥ ባሕሩ እላያችን ላይ ይወጣል እያለ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዳገቱ ላይ ሌላ ቤት አግኝቶ፣ ገዢውም መጥቶ ክፍሎቹን ለክቶ ሄዶ ነበር። እማዬ ደግሞ ጨው የበላውን በር ይዛ አልወጣም አለች። አንቺ መሃል ቤት ተጨንቀሽ፣ ጭቃ ሹሙን እንጠይቀው፣ እሱ ያውቃል አልሽ። ይህን ስም ያወጣሽልኝ አንቺው ነሽ፤ ዕድሜውን ሁሉ ጭቃ ሲያገላብጥ ለሚውል ሰው ሌላ ምን ሹመት ይገባዋል ብለሽ።

እኔም አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ያለፈው ትልቅ መንቀጥቀጥ ከመጣ ገና መቶ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ የሚመላለሰው በየአራት መቶ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ የልጅ ልጆቻችሁም አያዩትም አልኳችሁ። እማዬ ደስ ቢላትም ግራ ገብቷት፣ አያቴ የእናታቸውን ዘመን ሳይቀር አውርተውኛል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም አለች። ሰው ይረሳል እንጂ ጭቃ አይረሳም ብዬ ሳቅኩባት። ቤቱ ሳይሸጥ ቀረ። እንዲያውም በእኔ ቃል ተማምናችሁ የልጆቹን ክፍል በባሕሩ በኩል ጨመራችሁ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ረጅም ቱቦ ከመርከብ ላይ ወደ ባሕሩ ወለል እንለቃለን። ተሰክቶ ሲወጣ በውስጡ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ አጥንት መቅኒ እንደሚይዘው። በደህናው ዘመን ደቃቅ ጭቃ ብቻ ነው የሚረጋው፣ በመቶ ዓመት የአንድ መዳፍ ወርድ ያህል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ባሕሩ ውስጥ ያለው ገደል ይናድና አሸዋ ወርዶ ጭቃው ላይ ይተኛል። አንድ የአሸዋ መስመር አንድ መንቀጥቀጥ ነው። ከመጨረሻው መስመር በላይ ያለው ጭቃ ደግሞ ካለፈው ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ ይነግረናል። ከእናንተው ባሕር ባወጣነው ቱቦ ውስጥ ያ ጭቃ አንድ መዳፍ ተኩል ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቱቦው የወጣ ዕለት ባሕሩ ሲንጠን ውሎ፣ የሆዴን ሁሉ አስታውኬ ቆሜ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ቱቦውን በላይኛው ጫፉ፣ በራስጌው በኩል የምቀበለው እኔ ነኝ። በጎኑ ስናጋድመው እንደ ሾርባ የቀጠነ ጭቃ ከጫፉ ወጥቶ ጫማዬ ላይ ተደፋ። በውሃ ጎማ አጥቤ ወደ ባሕሩ ሰደድኩት። አለቃችን፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው፣ ከላይኛው ወለል ሆነው ከራስጌው የፈሰሰ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለየቱቦው በምንሞላው ቅጽ ላይም ለዚሁ የተተወ መስመር አለ። አለ ብል ቱቦው እንደገና ሊወርድ፣ እኛም ሌላ አምስት ሰዓት ልንናጥ ነው። ምንም የለም አልኩ። የላዩ ጭቃ የቅርቦቹ ዓመታት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ጥቂት መስሎኝ ነው።

ከትልቁ ቱቦ ጎን ሁልጊዜ አንድ ቀጭን ቱቦ አብሮ ይወርዳል፤ ሥራው የላዩን ጭቃ ሳይነካካ ማምጣት ነው። ትልቁ ሙሉ ነው ስላልኩ ያንን የከፈተው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ቱቦዎቹ የሚቀመጡበት ማቀዝቀዣ ክፍል ሞላና አሮጌዎቹ ይጣሉ ተባለ። በእኛ መሥሪያ ቤት ደንብ ግን ሳይሰነጠቅና ፎቶ ሳይነሳ የሚጣል ቱቦ የለም። ቀጭኑን ሰነጠቅኩት። ያንኑ የአሸዋ መስመር አገኘሁት፤ ከላዩ ያለው ጭቃ ግን አምስት መዳፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ማስመሪያውን ሦስት ጊዜ እያነሳሁ አስቀመጥኩ። እታለም፣ ካለፈው ወዲህ አራት መቶ ሰባ ዓመት ሆኖታል፤ መመለሻው አልፏል። እኔ ከሦስት መቶ የሚበልጠውን ከጫማዬ ላይ አጥቤ ጥያለሁ። የእማዬ አያት ያላወሩት ስላልነበረ ነው።

ለአለቃዬ ሄጄ ተናዘዝኩ። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ በሚቀጥለው የመርከብ ጉዞ ሌላ ሁለት ቦታ አይተን እስክናረጋግጥ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ። ጉዞው ከስምንት ወር በኋላ ነው። እናቴ እዚያ ናት ብላቸውም ቃላቸውን አልቀየሩም።

ነገ ይመጣል እያልኩሽ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ግን አይመጣም ብዬ ያስቀመጥኳችሁ እኔ ነኝና፣ ተነሱ ማለትም የእኔ ዕዳ ነው። በዚህ ሳምንት ልጆቹን ይዘሽ ዳገቱ ላይ ከባልሽ እህት ዘንድ ግቢ። ቢጠባችሁም ቻሉት። ባልሽንም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ፈሪ እያልኩ ስቀልድበት ኖሬያለሁ።

ለእማዬ እውነቱን ንገሪያት። ልጅሽ ዋሽቶ ነው፣ አያትሽ ልክ ነበሩ በያት። እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው እንዳለች ናት። አትጨቃጨቂያት። እሷን ብለሽም እንዳትቀሪ፣ አደራሽን! ልጆችሽ እናት ያስፈልጋቸዋል።

የሥራ መልቀቂያዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ሐሙስ እደርሳለሁ፤ ትኬቴ የመሄጃ ብቻ ነው። ልጆቹ ይተኙበት የነበረውን ፍራሽ ከእማዬ አልጋ አጠገብ አንጥፊልኝ። ለስንት ቀን ነው የሚመጣው ካለችሽ፣ አንቺ እስካለሽ ድረስ ነው አለ በያት።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ የምትረግጪውን መሬት ያጽናልሽ። ሐሙስ ስመጣ በሩ ላይ እንዳላገኝሽ። ዳገቱ ላይ ሆነሽ እጅሽን ብታውለበልቢልኝ ይበቃኛል።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ