ያልሰጠሁት ፈቃድ

ልጄ ቤተል፣ በሰው አገር ስትወጪም ስትገቢም እመብርሃን ትከተልሽ። እኛ ደህና ነን። ውርጩ ገብሱን ቢመታውም ባቄላው ተርፏል፤ ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች።

አባትሽ፣ ምእመናን ከእርሻቸውና ከትዳራቸው ሳይለዩ ስብከት የሚማሩበትን ትምህርት ጨረሰ። ሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሞላሌ ከተማ ሲመላለስ ከብቱንም አጨዳውንም የያዝኩት እኔ ነኝ። «የማገለግለው በደብራችን ነው» ብሎኝ ነበር። በምረቃው ዕለት ግን ለሁለት ዓመት መርሐቤቴ ቆላ መመደቡን ከሰው እኩል ሰማሁ።

አስተማሪያቸውን መሪጌታ አትናቴዎስን ጠየቅኋቸው።

«ባለትዳር ያለ ሚስቱ ፈቃድ አንልክም። ፈቅዳለች ብሎን ነው» አሉኝ።

ዞር ብዬ አባትሽን አየሁት። አቀረቀረ።

«እኔ አልፈቀድኩም፤ የጠየቀኝም የለም» አልኳቸው። ምደባውን ሰረዙት።

አሁን እሁድ እሁድ በደብራችን ይሰብካል። ሰው ያለቅሳል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ማታ ራቱን አቀርብለታለሁ፣ ወሬ ግን የለንም።

ለምን እንደደበቀኝ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? «ቤተልን አማክሬያት ነበር። ለእማዬ በኋላ ይነገራታል አለችኝ።»

ከእሱ መደበቅ ይልቅ የአንቺው አጥንቴ ድረስ ገባ። በየሳምንቱ እየደወልሽ ስለ በጎቹ ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው።

አልረግምሽም ልጄ። አምላክ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ መልስሽን በአባትሽ በኩል አትላኪው። ለእኔ ለራሴ ንገሪኝ።

እናትሽ ጌታነሽ