በቀለ ማነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ልጄ ሊያ ትናንት ከትምህርት ቤት አኩርፋ መጣች። የቤት ሥራዋ በላስት ኔሟ የሚጠሩ ታዋቂ ሰዎችን ፈልጎ ሰኞ ለክፍሏ ማቅረብ ነው። «በቀለ» ብላ ጉግል ስታደርግ ሯጭም ዘፋኝም አገኘች፤ ዘመዶቻችን ግን አይደሉም።

«ስማችን ፌክ ነው?» አለችኝ። የአያትሽ ስም ነው ብላትም አልገባትም።

ዛሬ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ አባቴ ቤት ወሰድኳት።

«አባባ፣ በቀለ ማነው?» አለቻቸው ሊያ።

«እኔ ነኛ!»

«ታዋቂ ነህ?»

«ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አቅፈው ይስሙኛል።»

ሊያ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሯጩንም ዘፋኙንም ትታ የእሳቸውን ታሪክ ስትጽፍ ዋለች።

ልንወጣ ስንል አባቴ ወደ ጥግ ሳቡኝ። «ሰኞ ክፍሏ ብመጣ ታፍርብኛለች?» አሉኝ።

ሊያ ሰምታ ኖሯል፤ «ሱፍህን ልበስ!» ብላ ጮኸች።