የበረዶውን ቁልቁለት የምትለካው ሚካኤላ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ገብረሕይወት፤ ደብረ ዘይት።

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ደረጃ ሲወጡ «ወይኔ» ያሰኝዎታል? የእትዬ ፀሐይነሽስ የደም ግፊት ረገብ አለላቸው? እኛ ጌታ ይመስገን በአካል ደህና ነን። ልቤ ግን ደህና አይደለም ጋሼ፤ ከእሑድ ጀምሮ የምበላው የት እንደሚገባ አላውቅም።

ልጄ ሚካኤላ እዚሁ አትላንታ መሃል ከተማ ቢሮ ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ካርታ ትሠራለች ብዬዎት አልነበር? ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ያወራሁትም ይህንኑ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንግዶች እቤቴ መጥተው ሳለ ቪዲዮ ከፈተችልን። ሰዎች ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ ሥር ነጭ በረዶ ብቻ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። እኔ ፊልም መስሎኝ «አቤት የፈረንጅ ድፍረት!» እያልኩ ሳለ የልጄን ሳቅ ከዚያው ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሰማሁት። የያዝኩት ትሪ ከእጄ ወደቀ። አገሩ ግሪንላንድ ይባላል አሉ። ሁለት ጊዜ ሄዳ መጥታለች፤ እኔን «ኮንፈረንስ ነው» እያለች!

እንግዶቹ ሲወጡ ያንኑ ትሪ አንስታ፣ አዘንብላ ይዛ ታስረዳኝ ጀመር። ባለፈው ጥር የተላከ ሳተላይት አለ። የሌዘር ብርሃን ወደ በረዶው ይልክና ብርሃኑ ነክቶ ለመመለስ በፈጀበት ጊዜ የበረዶውን ከፍታ ይለካል። ዞሮ ሲመጣ ግን ልክ በፊተኛው መስመር አያልፍም፤ ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ጣቷን ትሪው ላይ ከላይ ወደ ታች ፈቀቅ አድርጋ «አየሽ ማሚ፣ እዚህ ጋ ዝቅ ያለው በረዶው ቀልጦ ሳይሆን ቁልቁለት ስለሆነ ነው» አለችኝ። ቁልቁለቱ አስቀድሞ ካልታወቀ ያልቀለጠው ቀለጠ፣ የቀለጠውም አልቀለጠም ይባላል። ለዚህ ነው እነሱ ያሉበት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ፣ የራሱን ሌዘር ግራና ቀኝ እያዞረ የሚበረው። «ቼክ ማድረግ አለብን» ትላለች።

ዝቅ ብሎ! ይህን ስሰማ እንድርያሳችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የአንበጣ መድኃኒት ለመርጨት ዝቅ ብሎ ሲበር አይደል ወንድማችን ወጥቶ የቀረው? «ለበረዶ ቁልቁለት ልትሞቺ ነው? ለሰው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «ሪላክስ ማሚ፣ ሲቀልጥ ውሃው የሚደርሰው ባሕር ዳር ያለው ሰው ቤት ነው» አለችኝ። መልስ አታጣም እኮ!

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ልትሄድ ነው። ባለቅስ፣ ብቆጣ አልሆነልኝም። በመጨረሻ «ለጋሼ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ይከለክሉሻል» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጻፊለት። ሁለቱንም ጊዜ ሳልመረቅ ሄጄ ከብዶኛል። አሁን ጋሼ ይመርቀኝ፤ እምቢ ካለ እቀራለሁ» አለችኝ። አሜሪካ ያደገች ልጅ! «አንተ» ስትልዎ አይቀየሙ፤ አፏ ነው እንጂ ልቧ ያከብርዎታል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት «እምቢ ይበሉልኝ» ልል ብዬ ነበር። ስጽፍ ግን እናታችን መጣችብኝ። እንድርያስ ያን ቀን ሲወጣ አኩርፋ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሳትመርቀው ሄደ። እስክትሞት ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እኔ ያንን አልችለውም ጋሼ።

ለእትዬ ፀሐይነሽ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ጨው ይቀንሱ ይበሉልኝ። ልጅዎ ዘውድነሽ የላከችልኝ ሹራብ ልክ እንደሆነልኝ ይንገሩልኝ። ትንሹን ያብስራን ጉንጩን ግጥም አድርገው ይሳሙልኝ።

ሚካኤላ ከበዓሉ በፊት በስልክ ትደውልልዎታለች። ይመርቋት፤ ጠበቅ አድርገው ይመርቋት። እኔም አጠገቧ ሆኜ አዳምጣለሁ። «አሜን» የሚለው ድምፄ ባይሰማዎት እምቢ ብዬ እንዳይመስልዎ፤ ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው።

እህትዎ ዘሪቱ
ስማይርና፣ አትላንታ
መጋቢት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.