የባለጉዳዩን መንገድ ያሳጠሩት የወይዘሮ ጀማነሽ አምኃ የሕይወት ታሪክ (1950 – 2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጀማነሽ አምኃ ከአባታቸው ከአቶ አምኃ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተድላ ጥቅምት 14 ቀን 1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የተጋጨ መኪና የሚያቃኑ ባቲላሜራ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ዝምተኛ ቢሆኑም የጀመሩትን ሳይጨርሱ ከመቀመጫቸው የማይነሡ እንደነበሩ ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ያወጋሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ነበራቸው። ሆኖም በዚያው ዓመት አባታቸው ስላረፉ ታናናሾቻቸውን ለማስተማር ሲሉ የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወስደው ሥራ ፈለጉ። በ1970 ዓ.ም. ካዛንቺስ በሚገኘው በብርታት የአካል ድጋፍ ማዕከል መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። ማዕከሉ እግራቸውን ወይም እጃቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ አካል፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር እየሠራ የሚሰጥ ነው። ወይዘሮ ጀማነሽ አርባ ዓመት ያገለገሉት በዚህ አንድ ቤት ነው።

በ1976 ዓ.ም. በለገሃር ባቡር ጣቢያ መካኒክ ከነበሩት ከአቶ አባዲ ገብረ መስቀል ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። ሁለቱ የተዋወቁት ታክሲ ሲጠብቁ ነው። አቶ አባዲ ተራቸውን ለወይዘሮ ጀማነሽ ለቀው ራሳቸው ሥራ እንዳረፈዱና በዚያም እንደተቀጡ እየነገሩ ልጆቻቸውን ያስቁ ነበር። ከጋብቻቸውም ሰምሃልንና አብርሃን አፍርተዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ ልጆች እያሳደጉ በርቀት ትምህርት በሥራ አመራር ዲፕሎማ ያገኙ ሲሆን፣ በ1988 ዓ.ም. የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆኑ።

በ1998 ዓ.ም. ማዕከሉ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሁላችንም ቢፒአር ብለን የምናውቀውን ጥናት እንዲያካሂድ ታዘዘ። አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን ሲዋቀር አራቱ ከሥልጠና የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። አምስተኛዋ ወይዘሮ ጀማነሽ የገቡት ፋይል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ነው። ቡድኑ ለሁለት ወር በር ዘግቶ ሰንጠረዥ ሲሥል ከቆየ በኋላ፣ ወይዘሮ ጀማነሽ አንድ ቀን ተነሥተው፣ «እስቲ እኔ ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ልሂድና ልየው» አሉ።

አብረዋቸው የሄዱት ባለጉዳይ ወይዘሮ ካሚላ ይባላሉ። ከደሴ አካባቢ የመጡ፣ በመኪና አደጋ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡ፣ ሦስት ልጆቻቸውን ለጎረቤት ትተው ቂርቆስ ወንድማቸው ዘንድ ያረፉ እናት ነበሩ። ጉዳያቸውን ከጀመሩ ሦስት ወር አልፏቸው ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ ፋይሉን ታቅፈው፣ ካሚላ ክራንቻቸውን ተደግፈው፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሩ። የእግር ልኬት የሚወሰደው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ካሚላ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና፣ «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ የምወጣበት እግር ቢኖረኝ ኖሮ መች እዚህ እመጣ ነበር?» አሏቸው።

ወይዘሮ ጀማነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው አለቀሱ። ሃያ ስምንት ዓመት በዚያ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አንድም ቀን ይህን አለማሰባቸው ከሁሉ ይልቅ እንደቆጫቸው ለልጆቻቸው ነግረዋል።

የካሚላ ሰው ሠራሽ እግር እስኪደርስ ሠላሳ አንድ ፊርማና መቶ ዐሥራ አራት ቀን ፈጀ። እግሩን የሠሩት የወርክሾፑ ባለሙያ አቶ ሱሌማን ግን ሥራው ለእሳቸው የአራት ቀን ሥራ እንደሆነ አስረዱ። የቀረው ቀን በሙሉ ፋይሉ የሚጠብቅበት ነበር።

ወይዘሮ ጀማነሽ ይህንን በማኔጅመንት ስብሰባ አቀረቡ። ሥራ አስኪያጁ ቅር ብሏቸው፣ «ታዲያ የትኛው ክፍል ነው ጥፋተኛው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከሠላሳ አንዱ ፊርማ ስድስቱ የመዝገብ ቤት ነው» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «መጀመሪያ የኔ ይነሣ።»

በአዲሱ ንድፍ ልኬት ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ባለጉዳዩም በመጣበት ቀን እንዲለካ ተደረገ። ፋይሉን አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲከታተል ተወሰነ። መዝገብ ቤቱም ራሱን የቻለ ክፍል መሆኑ ቀረ። የእሳቸው የኃላፊነት መደብ አብሮ ታጠፈ።

ይህ በቀላሉ አላለፈም። በመዝገብ ቤቱ የነበሩ ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ሊበተኑ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። የቅርብ ጓደኛቸው ወይዘሮ እጸገነት በሰው ፊት፣ «ጀማነሽ፣ እኛን ሸጠሽ ስም ልታወጪ ነው?» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰላምታ ነሷቸው። ወይዘሮ ጀማነሽ ምሳቸውን ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። አቶ አባዲ «ተይው፣ ይቅርብሽ» ቢሏቸውም አልተዉትም። ለሰባት ወር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየተመላለሱ አንድም ሰው ሳይቀነስ ዐሥራ አንዱም ሠራተኞች በእንግዳ አቀባበልና በልኬት ረዳትነት ሠልጥነው እንዲመደቡ አስደረጉ።

አዲሱ አሠራር በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመ። በመጀመሪያው ወር የዘጠኝ ሰዎች ልኬት ተምታቶ የማይሆናቸው እግር ተሠራላቸው። ጥፋቱ የወይዘሮ ጀማነሽ ነበር። ፊርማ ለመቀነስ ሲሉ ልኬቱን ዳግም የሚያመሳክረውን ደረጃ አብረው ሰርዘውት ነበር። ይህንን አልሸሸጉም። በስብሰባ ላይ ቆመው፣ «አብዝቼ ቆርጫለሁ፤ ይህኛው መመለስ አለበት» አሉ። ዘጠኙንም ሰዎች አንድ በአንድ ፈልገው ይቅርታ ጠየቁ። ማመሳከሪያው እንዲመለስ ከተስማሙት መካከል ሥራውን እኔ ልያዝ ብለው የተነሡት ወይዘሮ እጸገነት ነበሩ። ከስብሰባው ሲወጡ ሁለቱ ተቃቅፈው እንደነበር አቶ ሱሌማን ይመሰክራሉ።

በዓመቱ መጨረሻ አንድ ባለጉዳይ እግሩን ይዞ የሚሄደው በዘጠኝ ቀን ሆነ። ወይዘሮ ጀማነሽ የሥራ ሂደት መሪ ተብለው ተሾሙ፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ልምድ እንዲያካፍሉ ይጠሩ ነበር። በሄዱበት ሁሉ ንግግራቸውን የሚጀምሩት ወይዘሮ ካሚላን በማመስገን ነው። «እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ካሚላ በበኩላቸው ደሴ ተመልሰው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሁለቱ ቤተሰቦች ፋሲካና ኢድ በመጣ ቁጥር በስልክ ሲጠያየቁ ኖረዋል።

በ2006 ዓ.ም. ባለቤታቸው አቶ አባዲ ሲያርፉ ሐዘናቸው ከባድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከዚያም በሚኖሩበት በካዛንቺስ የእድራቸው ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። ሐዘንተኛ ቤት ድንኳንና ወንበር ቶሎ እንዲደርስ ያወጡትን አዲስ አሠራር፣ መጀመሪያ ያጉረመረሙት የእድሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ኋላ ወደውታል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ወደ ልጃቸው ወደ ሰምሃል ቤት ቢዛወሩም ጎረቤቶቻቸው ከየተበተኑበት እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር።

ወይዘሮ ጀማነሽ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ሕክምና ሲከታተሉ ወይዘሮ እጸገነት አብረዋቸው ይሄዱ ነበር። ወረፋ ሲረዝም ወይዘሮ ጀማነሽ የማያውቁትን በሽተኛ ያጫውታሉ፣ ያበረታታሉ። አንድም ቀን በሕመማቸው ሲያማርሩ አልተሰሙም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ለልጆቻቸው የተናገሩት፣ «ብዙ ሰው አግዞኛል፤ ስማቸውን ስትጠሩ አንድም እንዳትረሱ» የሚል ነው።

ሕክምናው ባለመሳካቱ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወይዘሮ ጀማነሽ የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ከቅርብና ከሩቅ መጥታችሁ ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ፣ ከደሴ ሌሊቱን ተጉዛችሁ ለደረሳችሁልን ለወይዘሮ ካሚላና ለልጆቻቸው፣ ለማዕከሉ ሠራተኞች በሙሉ፣ ከየተበተናችሁበት ተሰባስባችሁ ድንኳን ለተከላችሁልን ለቀድሞ የሰፈራችን ሰዎች፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እንዲህ ያለች እናት ስለሰጠን አምላካችን የተመሰገነ ይሁን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም በርትተን የምንኖርበትን መጽናናት ያድለን። አሜን።