ሲስተር ጥሩሸዋን ማኅበር ይዘን የገባን ዕለት

ይድረስ መተሐራ ለሚገኘው ለውድ ወንድሜ ለተገኘ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? የቆላው ሙቀት ከበደህ ወይስ ለመድከው? እማዬ ደግሞ በአጎበር ይተኛል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። እኛ እመቤታችን ትመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ባለቤትህ እትዬ እስከዳርም ሆዷ ገፋ እንጂ ደህና ናት።

የእሑዱን ነገር ካልነገርኩህ እፈነዳለሁ! የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ለወላጆች ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ለመጋበዝ ከገና ጀምሮ ሲሯሯጥ ነበር። የመረጥናቸው ሲስተር ጥሩሸዋን ነው፤ የራቤል ተወላጅ ናቸው፣ እዚሁ እኛ ጋ ተምረው ዛሬ ደብረ ብርሃን አዋላጅ ነርስ ሆነዋል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አታጣውም። አምና እትዬ እስከዳር ቤት ውስጥ ስታምጥ አድራ ልጃችሁን ከቀበርን ወዲህ አባዬ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነበር።

የክበባችን ሊቀመንበር ምስክር ቀኑ የካቲት ሃያ አንድ ይሁን፣ እሑድም ነው፣ ማርያምም ናት፣ በሬ የሚጠምድ የለም አለ። አጨበጨብንለት። ጉድ እኮ ነው! የመንዝ ልጆች ሆነን፣ በማርያም አባቶቻችን ማኅበር እንደሚጠጡ አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ግቢውን ጠርገን፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ደርድረን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ወላጅ የሚባል ዝር አላለም። ሲስተር ከሚኒባስ ወርደው ባዶውን አዳራሽ ሲያዩ ምስክር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እኔ ግን አባዬ ያሉበትን አውቃለሁ፤ ጋሽ ፈንታ ቤት፣ ማኅበር ላይ ናቸው። እነሱ ካልመጡ እኛ እንሂድ አልኩ። ሲስተር ሳቁና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውን ወጡ።

ማኅበርተኛ እንግዳ አይመልስም፤ ቢሆንም ክበቡ በሙሉ ግቢውን ሲሞላው የጋሽ ፈንታን ድንጋጤ ብታይ! ለጠላቸው የሰጉ መሰለኝ። የነፍስ አባታችን አባ መርስዔ ኃዘን ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ እንግዳዋ ይናገሩ ብለው ፈቀዱ።

ሲስተር ማንንም አልወቀሱም። ምጥ ሲጠና ደም ሰው እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ ለመሆኑ በዚህ አገር ቃሬዛውን የሚያነሣው ማነው? ብለው ጠየቁ። ያኔ አባዬ ተነሡ። አምና ሰው አጥተን አይደለም፣ ሁላችንም ነበርን፤ ማንን እንቀስቅስ፣ እስኪ ይንጋ፣ ትንሽ እንይ ስንል ነው ሕፃኑ ያመለጠን አሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያማ ምን ልበልህ! እዚያው የቃሬዛ ተሸካሚ ተመደበ። ቃሬዛው እኛ ደጃፍ ይቀመጣል፤ ምጥ እንደጀመረ ምክር የለም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ጋሽ ፈንታ ቀድመው አንዱን ጫፍ ያዙ። ሁለት ጎረምሶችም ተጨመሩ። አባዬ አራተኛው እኔ ነኝ ሲሉ አባ መርስዔ ኃዘን ወገብዎ መቼ ዳነና ብለው ቤቱን አሳቁት። አባዬ ግን አልሳቁም። እንግዲያው የእኔን ጫፍ ለተገኘ አስቀምጡልኝ አሉ።

ሲስተር በኋላ ቤታችን ገብተው የእትዬ እስከዳርን ሆድ አይተው ለሆሳዕና አካባቢ ትወልዳለች ብለዋል። ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ፈቃድ ጠይቅና ና።

አባዬ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ማሙሽ ሸንኮራ ይዞልኝ ይምጣ ይላል። እትዬ እስከዳርን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት ተነሥታ ጋቢህን ማጠብ ጀመረች።

እህትህ ወሰንየለሽ
መሐል ሜዳ፣ የካቲት 23 ቀን 2002 ዓ.ም.