ቢጫው ከካሜራው አይደለም

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ነገርስ ተሻለህ? እማዬስ ደህና ናት? እህልስ ይወርድልሃል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ለወግ ያህል አልጠየቅኩህም። እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ሰሞኑን መቀመጫ አጥቻለሁ። ይህንንም የምጽፍልህ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ነው።

ሥራዬን ለሚጠይቅህ ሁሉ «ጨረቃ ትቆጥራለች» እንደምትል ወንድሜ ነግሮኝ በሳቅ ሞቻለሁ። ቆጠራስ በቀለለኝ! አንድ ግዙፍ ፕላኔት ዙሪያውን የሚዞሩት በረዶ የለበሱ ጨረቃዎች አሉት። በረዶው አዲስ የሆነበት ቦታ ቦግ ብሎ ያበራል፤ ያረጀበት ወይም አቧራ የወረደበት ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ ቢጫ ይሆናል። አንደኛዋማ ግማሽ ፊቷ እንደ ከሰል፣ ግማሹ እንደ ወተት ነው። እኔ በተለያየ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን አድርጌ የቱ እንደፈካ፣ የቱ እንደደበዘዘ እለካለሁ።

ባለፈው ወር አንዷ ቢጫ የሆነች መስሎኝ ቢሮውን ቀውጢ አደረግኩት። አለቃዬ ረጋ ብላ «መጀመሪያ የማይለወጠውን ቦታ እዪ» አለችኝ። ባየው እሱም ቢጫ ሆኗል። ለካ ያረጀው ካሜራው ኖሯል! እንዴት እንደሳቁብኝ አትጠይቀኝ።

ወንድሜ የላከልኝን ሦስት ፎቶዎችህን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሦስቱም በረንዳው ላይ ነጩን ሸሚዝህን ለብሰህ ተቀምጠሃል። በመጨረሻው ግን የዓይንህ ነጭ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። አንዴ ስለተሳሳትኩ ራሴን አላመንኩም። ወንድሜ ዘንድ ብደውል «ስልኩ ነው» አለኝ። አንተም ተቀብለኸው «አንቺ ልጅ፣ ጨረቃሽን ትተሽ እኔን ልትለኪ መጣሽ?» ብለህ ሳቅክብኝ። አብሬህ ሳቅኩ፤ ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ፎቶዎቹን መልሼ ከፈትኳቸው።

ስለዚህ አለቃዬ ያለችኝን አደረግኩ፤ ሸሚዝህን አየሁ። በሦስቱም ፎቶ ያው ነጭ ነው። የኋላው ግድግዳም ያው ነው። የተለወጠው ዓይንህ ብቻ ነው። አባዬ፣ ካሜራው አይደለም። ምነው በሆነና እንደገና መሳቂያ በሆንኩ! አንድ ሐኪም ብጠይቅ፣ የጉበት ወይም የሐሞት ጣጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ቶሎ ከተደረሰበትም ብዙ ጊዜ እንደሚድን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ከወንበሬ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስል የባልደረቦቼን ራስ አዞርኩ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ እንዳትደነግጥም አንተው በዘዴ ንገራት። ወንድሜን ሰላም በልልኝ፤ «ስልኩ ነው» ያለው ፈርቶ መሆኑን አውቃለሁና አልተቀየምኩትም። ሚስቱንና ያችን ጥርሷ የወለቀ ትንሿን ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ ጓደኛዬ ናት። ለእረፍት ወደ ቤተሰቧ ስትመጣ ለምኜያት ነው። ነርስ ናት፤ ወደ ሐኪም ቤት ይዛህ ካልሆነ ከዚያ ቤት እንዳትወጣ አስምያታለሁ። በል አሁን መነጽርህን አውልቅና ቀና ብለህ እያት።

የምትወድህ ልጅህ

ከመሥሪያ ቤቴ፣ መስኮቱ አጠገብ
ጥቅምት ፱ ቀን