ከመስኮቴ ሥር የሚቆሙት ሰዎች

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ጉልበቴ ዛሬም አልተሻለውም። ደረጃውን አንዴ ወርጄ አንዴ ወጣሁ፣ በቃኝ። ከሥሬ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ከጠዋት ጀምሮ ያንገጫግጨዋል... ማን ነው ይህን ሁሉ ልብስ የሚያሰፋው?

ልጄ ደወለ። እንደ ልማዱ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ መጥተሽ እኛ ጋ ኑሪ አለኝ። እግዜር ይስጥህ አልኩት። ምራቴ ጨው በማንኪያ ለክታ የምትጨምር ሴት ናት። እዚያ ቤት ድስት ለመክፈት ፈቃድ ይጠየቃል።

ከጎኔ ያለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የድመቶች ሸንጎ ሆኗል። የከተማውን አንሶላ ሁሉ ያጠብንበት ድንጋይ... የሆቴሉን፣ የትልቁን ግንብ፣ የሐኪም ቤቱን። ቧንቧ በየቤቱ ሲገባ ገንዳውም ቀረ፣ እኛም ቀረን።

ሌላ የሚጻፍ የለም። የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ ግን የሚጻፍ ባይኖርም ጻፊ ብላኛለች። በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ መምህሩን ይፈራል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

የውስጥ ልብሴ ፎቶ ተነሣ። በዚህ ዕድሜዬ...

ጠዋት መስኮቴ ሥር ሰው ተሰበሰበ። እሳት የተነሣ መስሎኝ ብቅ አልኩ። ባርኔጣ የደፉ፣ የውሃ ጠርሙስ የያዙ፣ ሁሉም ቀና ብለው የሚያዩ። መሐላቸው አንዲት ልጅ ዝናብም ፀሐይም ሳይኖር ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። ሰው በእግር እያዞረች ከተማውን የምታስጎበኝ ናት። "ግንቡን ሁሉም ሰው ያያል" አለቻቸው። "እኛ ግን ግንቡ ውስጥ የነበሩት ጌቶች የተኙበትን አንሶላ ማን እንዳጠበው እንጠይቃለን።"

ለምን ትጠይቃለች? እኔ እዚሁ ነኝ። ቀና ብላ ብትጣራ እነግራት ነበር።

ከዚያ ነው አንዱ ካሜራውን ወደ ልብስ ማስጫ ገመዴ ያነሣው። የመለቅለቂያ ውሃ በሳፋ ይዤ ነበር። እጄን አዳለጠኝ። (አላዳለጠኝም።) እየዘለሉ ተበተኑ። ልጅቷ ግን በጃንጥላዋ ተከልላ፣ ውሃው በድንጋዩ መሐል ሲወርድ በጣቷ እያሳየች፣ ይኸው፣ ያኔም ውሃው የሚወርደው በዚሁ ቦይ ነበር አለቻቸው። ሁሉም ጎንበስ ብለው ፎቶ አነሡት።

እነዚህን ሰዎች በውሃ ማባረር አይቻልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰውዬ ብሩሽና ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። የገንዳው ግድግዳ ላይ ትልቅ ኤክስ ጻፈ። ቀለሙ ወደ እኔም ግድግዳ ተንጠባጠበ።

ምንድን ነው አልኩት። ሊፈርስ ነው፣ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው አለኝ። የኔ ክፍልስ? እኔና ልብስ ሰፊው ያለንበት ቤት ጀርባውን ለገንዳው ግድግዳ ሰጥቶ ነው የቆመው። ሰውዬው ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ ብሩሹን ነከረ። "እሱ ከወደቀ እናንተም መውደቃችሁ ነው፣ እማማ" አለኝ። ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው።

ልብስ ሰፊው ወንድሙ ጋ ይሄዳል። እኔስ? የምራቴ ማንኪያ ታየኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ባለጃንጥላዋ ደረጃዬን ወጥታ ስለ ውስጥ ልብሴ ይቅርታ ጠየቀች። ፎቶውን አስጠፍታዋለች። ወላጅ የቀጣት ልጅ ናት። ሻይ ሰጠኋት።

ስለ ቀዩ ምልክት ሰምታ ኖሮ ከኔ ይልቅ እሷ ተናዳለች። የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ለምና ለምና፣ ኅዳር 14 ራሱ መጥቶ ሊያይ ቃል አስገብታዋለች። ሰው መምጣቱን፣ ሰው መስማቱን በዓይኑ ካየ ገንዳው ሊተርፍ ይችላል። ገንዳው ከተረፈ እኔም ተረፍኩ።

ታዲያ እኔ ምን ላድርግ አልኳት። እርስዎ አይቸገሩ፣ የምትናገርልን አጣቢ አግኝተናል አለችኝ።

"ማንን?"

ነገረችኝ። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

እኔ ጡሩምባ የምላትን። ዋርሳዬን፣ የባሌን እህት። ቤቷ ከዚሁ መንገድ ጫፍ ነው፤ ባሌ ከተቀበረ ጀምሮ ግን አልተነጋገርንም። ቀብሩ ላይ ከሚስቲቱ በላይ ጮኸች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል... እሷ የራሷን ጨርሳ የኔንም አለቀሰችብኝ። ሰው ሁሉ እሷን ደግፎ፣ እሷን አጽናንቶ፣ እኔ አጠገቧ እንደ መንገደኛ ቆሜ። ጭራሽ አንዲት ሴትዮ "አንቺ ለሟቹ ምኑ ነሽ?" አለችኝ።

ጡሩምባ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እዚህ ላይ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። አፏ ከገንዳው ይሰፋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጡሩምባ ተነፋች።

ነጭ ሻሽ አስራ መጣች። በውርጭ እንዳጠበች፣ ጣቶቿ ከአንሶላው ጋር እንደተጣበቁ፣ ልጇን እዚሁ ገንዳ አጠገብ ወልዳ በሆቴል ፎጣ እንደጠቀለለችው ነገረቻቸው። ልጇ የተወለደው ሐኪም ቤት ነው። ጓዟን ተሸክሜ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ውርጭ ደግሞ በዚህ ከተማ ወርዶ አያውቅም።

አንድ ሰውዬ እንባው መጣ። እንባውን ትቶ መሐረቡን ለሷ ሰጣት። ተናፈጠችበትና መለሰችለት። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው አለችው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ሞትኩ።

ከመጋረጃዬ ጀርባ ቆሜ ስሰማ ጡሩምባ ጣቷን ወደ መስኮቴ ቀሰረች። እዚያ ላይ የወንድሟ ሚስት ትኖር እንደነበረ፣ ዕድሜ ልካቸውን አብረው እንዳጠቡ ነገረቻቸው። ነበረች ስትል ድምጿ ተቆረጠ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ትንሽ መራራ ነበረች" አለች። "ነፍሷን ይማር።"

ሁሉም ባርኔጣቸውን አወለቁ። መስኮቴ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ጸጥ... በዚህ መሐል የመጋረጃው አቧራ አፍንጫዬ ገባ። አስነጠሰኝ። ከታች አንዱ ሳያስበው "ይማርሽ" አለ።

ባለጃንጥላዋ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ደረጃዬን ወጣች። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ አለች። ሰዉ ምን አለ አልኳት። ጃንጥላዋን ታጥፍ ትዘረጋ ጀመር። ምን አለ?

"ሁሉም አለቀሱ" አለችኝ እያፈረች። "የሚመጣው ቅዳሜ ከአሁኑ ሞልቷል።"

በሕይወቴ መቼ ነው እንዲህ የተለቀሰልኝ? ተዪው አልኳት። ውሸት ነው እኮ እማማ አለች። ሹሙ አይቶ እስኪሄድ ነው፣ ከዚያ እነሣለሁ አልኳት።

በሕይወት ሆኖ ምራት ቤት ከመኖር፣ ሞቶ በገዛ ቤት መኖር ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሙት መሆን ሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት አይከፈት፣ ልብስ አይሰጣ፣ ሬዲዮ አይነካ። ወለሉ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው የምሰማው። ስነሣ ጉልበቴ ይጮኻል፤ እሱም እንዳይሰማ እፈራለሁ።

አንዲት ባለመነጽር ሴትዮ ደጄ ላይ አበባ አስቀመጠች። ሲሄዱ አስገባሁት። ባሌ በሕይወቱ ያላደረገው ነገር ነው።

ጡሩምባ የመጨረሻ ቃሌን ነገረቻቸው። "ገንዳውን አደራ" ብዬ ነው የሞትኩት። እኔ? እኔ ብሞት በሩ መቆለፉን ነበር የምጠይቀው።

ግን ሌላም ነገር አለች... ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ ክረምቱን ከአልጋዋ እንዳልተነሣች፣ ድርሻዋን ማን እንዳጠበላት። "ለማንም አልተናገረችም። ለኔም" አለች። ጩኸት የለው፣ መሐረብ የለው። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

እውነት ነው። አታውቅም መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እግዜር ይስጥሽ አላለችኝም። ለሙት ምስጋና ቀላል ነው። መልስ የለውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አትክልት ሻጯ ጋ ተገጣጠምን። እኔ ሽንኩርት እመርጣለሁ፣ ጡሩምባ ቲማቲም ትዳብሳለች።

ለዚያች ሴትዮ ንገሪልኝ፣ ሙትም ሽንኩርት ይገዛል አልኳት ለአትክልት ሻጯ። ሻጯ ወደሷ ዞረች። "ሰምቻለሁ" አለች ጡሩምባ። "ሞት አምሮባታል በያት። ከሞተች ወዲህ ማንም አላማትም።"

"ያን የአደራ ቃል ታውጣው በያት። እኔ እንዲያ አልናገርም።"

"የተሻለ ካላት ታምጣ፣ እቀይረዋለሁ በያት።"

አትክልት ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። ገበያዬን አትዝጉብኝ፣ ወይ ታረቁ ወይ ግዙ አለችን።

ገዛን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ክንዴ ዝሏል። ግን ዛሬ ካልተጻፈ መቼ ሊጻፍ ነው?

ሹሙ መጣ። ሙሉ ሱፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ሁለት አጃቢ። ባለብሩሹም ከኋላ ቆሟል። ባለጃንጥላዋ ገንዳውን አስጠርጋ ውሃ አስሞልታለች፤ ከሆቴሉ ትልቅ አንሶላ ተውሳለች። ጡሩምባ ዘፈዘፈች፣ አሸች፣ አለቀለቀች... ይህን ይህን እንኳ ታውቅበታለች።

ከዚያ መጭመቅ መጣ። እንዲያ ያለ አንሶላ አንድ ሰው አይጨምቀውም። ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይጠመዝዙታል። ጡሩምባ ሰዉን ላስቅ ብላ አንዱን ጫፍ ለሹሙ ሰጠችው። ሹሙ የሷን እጅ እያየ፣ እሷ ወደምታዞርበት አብሮ ያዞራል። በተቃራኒው ጌታዬ ትለዋለች። እሷ ልታሳየው ስትቀይር እሱም ይቀይራል። አንሶላው መሐል ላይ ይሽከረከራል እንጂ አልጨመቅ አለ። የተረፈው ውሃ ሁሉ ወደ ጫማው።

አንዱ አጃቢ ሰዓቱን አየ። ሹሙ ጫፉን ለቀቀና ሱሪውን ያራግፍ ጀመር። "ለዚህ እኮ ነው ማሽን የተፈጠረው" አለ። ጡሩምባ አፏን ከፈተች... ምንም አልወጣም። ጡሩምባን ቃል ሲያጥራት ያየሁት ዛሬ ነው።

ብወርድ ውሸታችን ሹሙ ፊት ይወጣል። ባልወርድ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሊገባ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ... ቤት ግን ያስፈርሳል።

ወረድኩ። ጉልበቴ ትዝ ያለኝ ታች ከደረስኩ በኋላ ነው። አበባ ያመጣችልኝ ባለመነጽር በሩ ላይ ስታየኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በሰዉ መሐል አልፌ የወደቀውን ጫፍ አነሣሁ።

"ዘገየሽ" አለችኝ ጡሩምባ። ከቀብሩ ወዲህ ያለ አማላጅ የሰጠችኝ የመጀመሪያ ቃል።

"አጥብቀሽ ያዢ" አልኳት።

ጠመዘዝን። እጅ አይረሳም። አንሶላው ተወጠረ፣ ተቆለመመ፣ ከዚያ ውሃው ዷ ብሎ ወረደ። ሰዉ አጨበጨበ። ሹሙ ሱሪውን ረስቶ ቀረብ አለና እኚህ ደግሞ ማን ናቸው አለ። ባለጃንጥላዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"የሞተችው ናት" አለችው ጡሩምባ፣ አንሶላውን እያጠፈች።

ሹሙ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ሹሙ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ አጃቢውን ተደግፎ ሳቀ። ለሞተ ሰው ጉልበት አላቸው አለ። ገና አልተቀበርኩም፣ ቤቴን ካላፈረሳችሁብኝ ደግሞ አልቸኩልም አልኩት። የትኛውን ቤት አለ። በጣቴ አሳየሁት። ቀና ብሎ መስኮቴን አየ፤ ዞሮ ባለብሩሹን አየ። ባለብሩሹ መሬት መሬት አየ። ለካ ቤቱ ባዶ ነው ብለው ነግረውታል። የኔ ሞት ደግሞ ምስክር ሊሆናቸው ነበር...

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ባለብሩሹ ነጭ ቀለም ይዞ መጥቶ ኤክሱን ደፈነው። መኪናዎቹ ሌላ ቦታ ይቁሙ ተብሏል። ወደ እኔ ግድግዳ የተንጠባጠበውን ቀይ ግን አልነካውም። የታዘዝኩት ገንዳውን ብቻ ነው አለ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ጡሩምባ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘጋ።

ሰሞኑን አብረን ነው የምንናገረው። እሷ ትዋሻለች፣ እኔ አርማታለሁ፣ ጎብኚው ተለማምደን የመጣን ይመስለዋል። ዛሬ ብቻዬን ቆምኩ። ደስ አለኝ። ዛሬ ገና እውነቱ ይነገራል አልኩ።

ነገርኳቸው። ስንት ዓይነት ሳሙና እንደነበረ፣ የሐኪም ቤቱ አንሶላ ከሆቴሉ ጋር እንደማይቀላቀል፣ ማክሰኞ የማን ተራ እንደሆነ። በትህትና ሰሙኝ። አንድ ሰውዬ አዛጋ። አንዲት ልጅ ሌላዋ እናት የሉም እንዴ ብላ ጠየቀች።

ከዚያ አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም... አንድ ቀን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ አንሶላው አልነጣም ብሎ ሲሰድበን፣ ዋርሳዬ ኮሌታውን ይዛ ገንዳው ውስጥ ነከረችው፣ አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ ባርኔጣውን ደፍታለት መለሰችው አልኳቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ያዛጋው ሰውዬ እንባውን ጠረገ። ባለጃንጥላዋ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ ማስረጃ አለው ወይ እማማ አለችኝ። እኔ ነኝ ማስረጃው አልኳት።

ሲሄዱ ሾርባ ይዤ ወደ መንገዱ ጫፍ ሄድኩ። አንገቷን በፎጣ ጠቅልላ ተኝታለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት፣ እስከ ባርኔጣው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። የተቆጣች መሰለኝ። ከዚያ በጣቷ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"ሥራ አስኪያጅ አይደለም" አለችኝ በዚያ በተዘጋ ድምጿ። "ጄኔራል ነበር በያቸው።"

ቤቴ እስክደርስ አሰብኩበት። እውነቷን ነው። ጄኔራል ይሻላል።